የኮሪያው ተኩስ አቁም ድል ማስረከብ አልነበረም፤ ለሰሞኑ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ከግሩፕ ግሩፕ ሲዘዋወር የሰነበተውን፣ ስለ ኮሪያ ጦርነት አቋጫጨት የተጻፈውን ጽሑፍ ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል ብዬ አስባለሁ፣ ፌስቡክ ላይም ስንትና ስንት ሰው ሼር አድርጎታል። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊው ኮሪያ ለዘመተው ለኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ያላቸው ፍቅርም የእውነት እንደሆነ ያስታውቃል፣ እሱን አከብራለሁ። ግን ዋናው ሀሳብ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ፣ ስህተቱ ደግሞ የዓመተ ምሕረት ወይ የቦታ ስም ስህተት ቢሆን ኖሮ በኮሜንት አርሜ አልፈው ነበር፣ ይሄኛው ግን ጦርነት እንዴት ይቆማል ስለሚለው ነገር ሰውን የሚያሳስት ስለሆነ ረዘም አድርጌ መመለስ ፈለግኩ።

መጀመሪያ ያላሉትን ብለዋል እንዳልል ሀሳባቸውን ላስቀምጥ። ጸሐፊው የሚሉት፣ በ1953 ከደቡብ ኮሪያ ጎን የተሰለፈው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰሜን ኮሪያንና ቻይናን እያሸነፈ ስለነበር ሁለት ሦስት ወር ቢገፋ ኮሪያ አንድ ትሆን ነበር፣ ስለዚህ ስምምነቱ ድልን ማስረከብ ነው። ድርድሩ ሁለት ዓመት የተጎተተው በምርኮኞች ጉዳይ ነው፣ ለጠላት ምርኮኛ ሲባል የራስን ወታደር ማስጨረስ ደግሞ እብደት ነው። ደቡብ ኮሪያ ራሷ ያልፈረመችበት ወረቀት ዋጋ የለውም፣ ለዛም ነው ይኸው 70 ዓመት አልፎት ሰላም ያላመጣው። የቃኘው ልጆች የሞቱባቸው ኮረብታዎች ተለቀው ስለቀሩ ደማቸው በከንቱ ፈሷል። የሰሜን ኮሪያን ሕዝብም ሰሜኑን ለሚገዛው ለኪም ቤተሰብ አሳልፎ የሰጠው ይሄው ስምምነት ነው። ከዚህ ሁሉ ተነስተው በአሸናፊ ያልተዘጋ ጦርነት አይዘጋም ብለው ይደመድማሉ። በትክክል ያስቀመጥኩት ይመስለኛል።

ለማንበብ እንዲመች፣ ስምምነቱ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም ነው፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 27 ቀን 1953 ማለት ነው። ከላይ ያለው 1953ም ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

እንግዲህ «እያሸነፍን ነበር» የሚለው የጽሑፉ ምሰሶ ስለሆነ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጁላይ 1953 ግንባሩ ላይ ምን ነበር? ጁላይ 11 አሜሪካኖቹ ለወራት የተዋደቁበትን ፖርክ ቾፕ የሚባለውን ኮረብታ ለቀው ወጡ። ጁላይ 13 ደግሞ፣ ፊርማው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው፣ ቻይና ኩምሶንግ አካባቢ ከ200 ሺህ በላይ ወታደር አሰልፋ የደቡብ ኮሪያን ክፍለ ጦሮች መታች፣ ደቡቦቹም ኪሎሜትሮች ወደኋላ ተገፉ። በመልሶ ማጥቃት የተወሰነው መሬት ቢመለስም ሁሉም አልተመለሰም። ይሄ የጦርነቱ የመጨረሻ ወር ነው። እያሸነፈ ያለ ጦር የመጨረሻ ወር ይመስላል? ቻይና እያሸነፈች ነበር ለማለትም አይደለም፣ ያቺን መሬት ያገኘችው እጅግ ብዙ ሰው ገብራ ነው። እውነታው ሁለቱም ወገን ተራራ ውስጥ ምሽግ ቆፍሮ፣ መድፍ ደርድሮ፣ አንድ ኮረብታ ሲይዝ አንድ ኮረብታ ሲለቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቦታው ብዙም አለመነቃነቁ ነው።

ደግሞ «እስከ መጨረሻ ቢገፉስ» የሚለው ነገር እኮ ተሞክሯል! ጸሐፊው የ1950ን መኸር ለምን እንደዘለሉት አልገባኝም ምክንያቱም ሙሉ መልሱ እዛ ነው ያለው። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1950 የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የነበረው ማክአርተር ኢንቾን ላይ ጦር አራግፎ የሰሜኑን ጦር ከጀርባ ቆረጠው፣ ሴኡል ተመለሰች፣ ሁለቱን ኮሪያዎች ይለይ የነበረው 38ኛው መስመር ታለፈ፣ ኦክቶበር 19 ፒዮንግያንግ ተያዘች። ቻይና 38ኛውን አልፋችሁ ከመጣችሁ እገባለሁ ብላ በሕንድ በኩል መልእክት ልካ ነበር፣ የሰማት የለም። ኖቬምበር 24 ማክአርተር ጦርነቱን ይጨርሳል የተባለውን ማጥቃት ከፈተ፣ ወታደሩ ለገና ቤቱ ይገባል ይባል ነበር። በማግስቱ ቻይና መታች። ከዚያ በኋላ የሆነው በአሜሪካ ጦር ታሪክ ውስጥ ከታዩት ረጅም ማፈግፈጎች አንዱ ነው፣ ዲሴምበር ላይ ከሁንግናም ወደብ ከወታደሩ ጋር 100 ሺህ የሚጠጋ ሲቪል በመርከብ ሸሸ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 1951 ሴኡል ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች። አንዲት ከተማ በዘጠኝ ወር ውስጥ አራት ጊዜ እጅ ስትቀያየር ውስጧ ያለው ሕዝብ ምን እንደሚሆን አስቡት፣ ሰሜኖቹ ሲገቡ የደቡብ ደጋፊ ተብሎ የሚገደል አለ፣ ደቡቦቹ ሲመለሱ ከሰሜን ጋር ተባብረሃል ተብሎ የሚረሸን አለ።

ሌላም ነገር አለ፣ ካርታ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ተኩስ የቆመበት ግንባር 250 ኪሎሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ወደ ሰሜን በሄድክ ቁጥር መሬቱ እየሰፋ ይሄዳል፣ ከቻይና ጋር ያለው ድንበር ብቻ ከ1,300 ኪሎሜትር በላይ ነው። ስለዚህ «ትንሽ መግፋት» ማለት ረጅምና ተራራማ የሆነ ግንባር፣ ከራስ ወደብ የራቀ፣ ለቻይና ስንቅና ጥይት የቀረበ ግንባር ማለት ነው። በ1950 ቻይና ሳትዘጋጅ ገብታ ያንን ካደረገች በ1953 መቶ ሺዎች ተሰልፈው፣ መድፉም ምሽጉም ተሟልቶ ምን ልትሆን ነበር?

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ኮሪያ ያለውን የአሜሪካ 8ኛ ጦር ይመራ የነበረው ጄኔራል ቫን ፍሊት በ1951 ጸደይ ዕድል አምልጦናል ብሎ ይከራከር ነበር፣ እውነት ነው፣ በሜይ 1951 የቻይና ማጥቃት ከከሸፈ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን እጅ ሰጥተዋል፣ ያኔ የተወሰነ ወደፊት መሄድ ይቻል ነበር ወይ የሚለው እስከዛሬ ታሪክ አዋቂዎቹን የሚያከራክር ነው። ግን እሱ 1951 ነው። ጽሑፉ የ1951ን ክርክር አንስቶ የ1953ቱ ፊርማ ላይ ነው የለጠፈው፣ በመሀል ሁለት ዓመት አለ።

ወደ ምርኮኞቹ። ክርክሩ ምርኮኛ ሁሉ ወደደም ጠላም ይመለስ ወይስ ፈቃዱ ይጠየቅ የሚል ነበር። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከሚያስቡት በላይ ጠንካራ ክርክር ነበራቸው፣ አልተጠቀሙበትም እንጂ። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 118 ውጊያ እንዳበቃ ምርኮኞች ሳይዘገዩ ይመለሱ ይላል፣ ፈቃዳቸው ይጠየቅ አይልም። ስለዚህ በፊደሉ ከሄድን ሰሜን ኮሪያና ቻይና ሕጉን ይዘው ነበር የሚከራከሩት። በ1952 ጸደይ ከምርኮኞች በስተቀር አብዛኛው አጀንዳ አልቆ ነበር፣ ማለትም ከዚያ በኋላ የፈሰሰው የአንድ ዓመት ከምናምን ደም በዋናነት በዚህ ነጥብ የመጣ ነው፣ ከአሜሪካ ጦር ጉዳት ግማሽ የሚጠጋው የደረሰው ድርድር ከተጀመረ በኋላ ነው። ይሄ ያማል፣ ጸሐፊው ሲቆጡ ቁጣቸው ይገባኛል።

ግን እስቲ ምርኮኞቹ እነማን እንደነበሩ እንይ። ጸሐፊው «የጠላት ወታደር» ብለው ጠቅልለዋቸዋል፣ እንደዛ አልነበረም። ሰሜኖቹ በ1950 ደቡብን ሲይዙ በግድ መልምለው ያሰለፉት የደቡብ ገበሬ ልጅ አለ። በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ለኮሚኒስቶቹ ባላንጣ ለቺያንግ ካይሼክ ሲዋጋ ተማርኮ ማዕረጉና ልብሱ ተቀይሮ ወደ ኮሪያ የተላከ አለ። በ1952 ምርኮኞቹ አንድ ባንድ ሲጠየቁ እመለሳለሁ ያለው ከተጠበቀው በጣም ያነሰ ሆነ። እና ከሰባት ስምንት ዓመት በፊት ብቻ፣ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲያልቅ፣ እንግሊዝና አሜሪካ የሶቪየት ዜጎችን እያለቀሱ በግድ ጭነው ለስታሊን መልሰው ስንቱ ካምፕ እንደገባ ስንቱ እንደተገደለ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ትሩማን ያውቅ ነበር። ያንን ድጋሚ አላደርግም አለ። ይሄ እብደት ነው ማለት ይቻላል? እኔ አልልም።

ንጹህ ነገር ነበርም አልልም። ኮጄ ደሴት በነበረው ካምፕ ውስጥ ፀረ ኮሚኒስት የሆኑት ምርኮኞች ሌላውን እየደበደቡ፣ ገላው ላይ መፈክር በግድ እየነቀሱ እንዳይመለስ ያደርጉ ነበር፣ ኮሚኒስቶቹም በበኩላቸው እንደዛው፣ በሜይ 1952 ደግሞ የካምፑን አዛዥ አሜሪካዊ ጄኔራል ራሱን ያዙት። «ምርጫው ነጻ ነበር» የሚለኝ ካለ ከሱም ጋር እከራከራለሁ። በመጨረሻ ወደ 22 ሺህ የሚሆኑት ወደ ሀገራቸው አንመለስም ብለው ቀሩ፣ ከነሱ ውስጥ ከ14 ሺህ በላዩ ቻይናውያን ነበሩ፣ አብዛኞቹ ታይዋን ገቡ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ 21 አሜሪካውያን አንመለስም አሉ፣ እነሱም ተፈቀደላቸው። ሰው አልሄድም ሲል በግድ ጎትተህ አትሰጠውም የሚለው አሠራር ትልቅ እውቅና ያገኘው እዚህ ነው። ውድ ነበር፣ አዎ። ዋጋ ቢስ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ ፊርማው። «ደቡብ ኮሪያ አልፈረመችም» የሚለው በራሱ ትክክል ነው። የደቡብ ኮሪያው ፕሬዝዳንት ሲንግማን ሪ አልፈርምም ብሎ ነበር፣ እንዲያውም ጁን 18 ቀን 1953 ወደ 27 ሺህ የሚሆኑ የሰሜን ምርኮኞችን ከካምፕ በር ከፍቶ ለቆ ድርድሩን ሊያፈርሰው ትንሽ ነው የቀረው። ግን ከዚህ ተነስቶ ወረቀቱ ዋጋ የለውም ማለት የስምምነቱን አሠራር አለማየት ነው። ይሄ በመንግሥታት መሀል የተፈረመ የሰላም ውል ሳይሆን በጦር አዛዦች መሀል የተፈረመ ነው። በአንድ ወገን የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ማርክ ክላርክ፣ በሌላው የሰሜን ኮሪያው መሪ ኪም ኢል ሱንግና የቻይናው አዛዥ ፔንግ ደኋይ። ሪ ደግሞ ከጁላይ 1950 ጀምሮ ጦሩን በተባበሩት መንግሥታት አዛዥ ሥር አድርጎ በደብዳቤ ሰጥቷል፣ ስለዚህ የክላርክ ፊርማ የደቡብን ጦርም ያስራል። በዚህ ሂሳብ ከሄድን አሜሪካም እንደ መንግሥት አልፈረመችም፣ ኢትዮጵያም አልፈረመችም፣ ቱርክም አልፈረመችም። ይልቅ ጸሐፊው ያላነሱት አንድ ነገር አለ፣ በዚያው ቀን ጁላይ 27 ጦር የላኩት 16ቱ ሀገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ዋሽንግተን ላይ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ስምምነቱን እንደሚደግፉና ጥቃቱ እንደገና ከመጣ እንደገና አብረው እንደሚቆሙ ቃል ገብተዋል። ሪም ሰሜኑን ስላመነ አይደለም ዝም ያለው፣ ከአሜሪካ የመከላከያ ውል (ኦክቶበር 1 ቀን 1953 ተፈረመ)፣ የኢኮኖሚ እርዳታና ጦሩን ማስፋፊያ አግኝቶ ነው። ቆሞ የያዘው ወረቀቱ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል፣ ወረቀቱ ግን የት መቆም እንዳለበት የሚናገረው ነው።

«ሰላም አላመጣም» ለሚለውም፣ ራሱ ስምምነቱ ሰላም አመጣለሁ መቼ አለ? ሰነዱ የመጨረሻ ሰላማዊ መፍትሄ እስኪገኝ ውጊያን ለማስቆም ነው ይላል፣ አንቀጽ 60 ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ የፖለቲካ ጉባኤ ይጠራ ብሎ ለመንግሥታቱ ይመክራል። ጉባኤው በ1954 ጄኔቫ ላይ ተደረገ፣ የኢትዮጵያ ልዑካንም ነበሩበት፣ ጁን ላይ ያለ ውጤት ተበተነ። ስለዚህ የከሸፈው ነገር አለ፣ የከሸፈው ግን ጄኔቫ ነው፣ ተኩስ አቁሙ የተፈረመበት ፓንሙንጆም አይደለም። ወታደሮቹ የራሳቸውን ሥራ ጨርሰዋል፣ ፖለቲከኞቹ ናቸው ያልጨረሱት። መሠረት የጣለውን ግንበኛ ጣሪያ ለምን የለም ብሎ መክሰስ ነው የሆነው።

የሠራውን ሥራ ደግሞ በቁም ነገር እንየው። እያንዳንዱ ወገን ከነበረበት 2 ኪሎሜትር ወደኋላ አፈገፈገ፣ በመሀል 4 ኪሎሜትር ስፋት ያለው ከጦር ነጻ ቀጠና ተፈጠረ፣ ሁለቱ ወገኖች ክስ የሚያቀርቡበት የጋራ ወታደራዊ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ ስዊድን ስዊዘርላንድ ፖላንድና ቼኮዝሎቫኪያ ታዛቢ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ስንት ጉድ አልፏል መሰላችሁ። በጃንዋሪ 1968 የሰሜን ኮማንዶዎች ፕሬዝዳንቱን ሊገድሉ ሴኡል ድረስ ገቡ፣ በዚያው ሳምንት ፑዌብሎ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ ተያዘች፣ 82ቱ መርከበኞች የተለቀቁት ከ11 ወር በኋላ ፓንሙንጆም ላይ በተደረገ ንግግር ነው። ኦገስት 18 ቀን 1976 እዚያው ፓንሙንጆም ውስጥ የዛፍ ቅርንጫፍ በማስቆረጥ ላይ የነበሩ ሁለት አሜሪካውያን መኮንኖች በመጥረቢያ ተገደሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዓለም ጦርነት ሊነሳ ነው ሲል ኪም ኢል ሱንግ የተጸጸተበትን መልእክት በዚያው ኮሚሽን በኩል ላከ። በ2010 ቼዮናን የተባለችው መርከብ ሰምጣ 46 መርከበኛ ሞተ፣ በዚያው ዓመት ዮንፕዮንግ ደሴት በመድፍ ተደበደበች። ከነዚህ አንዳቸውም ቢሆኑ በሌላ ቦታ ሙሉ ጦርነት ያስነሱ ነበር። እዚህ አላስነሱም። ሦስት ዓመት ሚሊዮኖችን የፈጀው ጦርነት ከ70 ዓመት በላይ ሳይመለስ ቆይቷል፣ እና ይሄ «ምንም» ነው?

ስምምነት ሁሉ ይሠራል ማለት አይደለም። ጸሐፊው ጥሩ ምሳሌ ቢፈልጉ ቬትናም ነበረላቸው። በጃንዋሪ 1973 ፓሪስ ላይ የተፈረመው ስምምነት ሁለት ዓመት ከምናምን ብቻ ነው የቆየው፣ ኤፕሪል 1975 የደቡቡ ዋና ከተማ ሳይጎን ወደቀች። ለምን? የሰሜኑ ጦር ደቡብ ውስጥ ባለበት እንዲቀር ተፈቀደለት፣ የሁለቱ ይዞታ እንደ ዝንጉርጉር ጨርቅ እዚህም እዚያም ተደባልቆ ነበር፣ አሜሪካም ጥላ ወጣች። ኮሪያ ላይ አንድ የታወቀ መስመር አለ፣ ጦሩ ከመስመሩ ወደኋላ ተስቧል፣ መስመሩን የጣሰ ምን እንደሚገጥመው ያውቃል። መስመሩ በግልጽ ያልተሰመረበት ባሕሩ ብቻ ነው፣ እና ከ1999 ጀምሮ ተደጋግሞ የተታኮሱት የት ነው? ምዕራቡ ባሕር ላይ፣ ስምምነቱ ባልሸፈነው ቦታ! ለኔ ይሄ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው።

አሁን ልቤን ወደነካው ነጥብ ልምጣ፣ ወደ ቃኘው። የቃኘው ደም በከንቱ ፈሰሰ የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ያስለቀሰ ይመስለኛል፣ ሼር የተደረገውም በሱ ነው። እኔን ግን አስቆጣኝ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ቃኘው ቡሳን የደረሰው በሜይ 1951 ነው። የድርድሩ ጠረጴዛ ካይሶንግ ላይ የተዘረጋው ጁላይ 10 ቀን 1951 ነው። ሻለቃው በአሜሪካው 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ገብቶ፣ ስልጠናውን ጨርሶ ግንባር ሲሰለፍ ድርድሩ ተጀምሯል ማለት ነው። እንግዲህ ኢትዮጵያውያኑ የተዋጉት ውጊያ በሙሉ ማለት ይቻላል ድርድር እየተካሄደ የተደረገ ውጊያ ነው። «ድርድሩ ድላቸውን ቀማቸው» የሚለው አባባል ከጊዜው ጋር አይሄድም፣ ምክንያቱም እነሱ ሲገቡ የጦርነቱ ዓላማ ፒዮንግያንግን መያዝ መሆኑ ቀርቶ መስመሩን መያዝ ሆኗል። እና ያ መስመር እንዴት ተሰመረ? ስምምነቱ የሚለው ጦሮቹ ፊት ለፊት የተገናኙበት ቦታ ድንበር ይሁን ነው። በቃ። የተያዘው ኮረብታ ድንበሩን ይወስናል፣ የተለቀቀው ኮረብታ ድንበሩን ይገፋል። ስለዚህ በሜይ 1953 ዮክና አንክል በሚባሉት ጠባብ የጦር መጠበቂያዎች ላይ ሌሊቱን ሙሉ ከቻይናዎቹ ጋር የተናነቀው የሦስተኛው ዙር ቃኘው ወታደር ከኋላው ያለው ሸለቆ የማን ሆኖ እንደሚቀር እየወሰነ ነበር።

ፖርክ ቾፕ መለቀቁ እውነት ነው፣ ዛሬም ከጦር ነጻ በሆነው ቀጠና ውስጥ ነው ያለው፣ ማንም አይኖርበትም። ይሄንን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል፣ ያ ኮረብታ ሊለቀቅ ከሆነ ለምን ያን ያህል ሰው አለቀበት ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው፣ አሜሪካኖቹም ይጠይቁታል። ግን አንድ ኮረብታ ተለቀቀ ማለትና ዘመቻው ከንቱ ነው ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቻይና ያንን ሁሉ ጥይት ፖርክ ቾፕ ላይ ያፈሰሰችው ከፊርማው በፊት መስመሩን ወደ ደቡብ ለመግፋት ነው፣ ከኮረብታው ኋላ ያለው መሬት ግን ደቡብ ሆኖ ቀርቷል። በምዕራብ በኩል ካይሶንግ ለሰሜን ሄዳለች፣ በምሥራቅ ግን ከ38ኛው በላይ ያለ ብዙ አገር፣ ሶክቾን ጨምሮ፣ ለደቡብ ሆኗል፣ በጠቅላላው ሲታይ ደቡቡ ያገኘው ይበልጣል።

ከዚህም በላይ ኢትዮጵያ ለምን ሄደች የሚለውን ማየት ያስፈልጋል። ጃንሆይ ክብር ዘበኛን ወደ ኮሪያ የላኩት ኮሪያን በጉልበት አንድ ለማድረግ አልነበረም። በ1936 ጄኔቫ ቆመው የመንግሥታቱ ማኅበር ሀገራቸውን ሲከዳት ያዩ ንጉሥ ናቸው፣ የጋራ ደኅንነት የሚባለው ነገር ለትንሽ ሀገር ምን ማለት እንደሆነ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የጸጥታው ምክር ቤት ጁን 27 ቀን 1950 ያወጣው ጥሪ የሚለው የታጠቀውን ጥቃት መመከትና በአካባቢው ሰላምን መመለስ ነው። በርግጥ በኦክቶበር 1950 ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ነጻ ኮሪያ የሚል ሰፋ ያለ ግብ አስቀምጦ ነበር፣ እሱን አልደብቅም፣ ከላይ እንዳየነው ያ ግብ በዚያው ክረምት ነው የተሰበረው። የመጀመሪያው ግብ ግን፣ ወራሪው መጥቶ የያዘውን ይዞ እንዳይቀር ማድረግ፣ ተሳክቷል። ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ የተማረከ አንድም የለም። ይሄ የመጣበትን ዓላማ ፈጽሞ የተመለሰ ጦር ነው። ተኩስ ከቆመ በኋላም ቃኘው ሳይወጣ ሰላሙን ሲጠብቅ ቆይቷል፣ የመጨረሻዎቹ የተመለሱት በ1965 ነው፣ ዶንግዱቾን ላይ ወላጅ አልባ ሕጻናትን ሲያሳድጉበት የነበረው ቤትም ኮሪያውያን ዘንድ እስከ ዛሬ የሚታወስ ነው።

ጸሐፊው ዘማቾቹ የተረሱት ጦርነቱ በድል ስላላለቀ ነው የሚሉትንም አልቀበልም። ቹንቾን ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ በ1968 ጃንሆይ ራሳቸው ተገኝተዋል፣ በኋላም የመታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቷል። የተረሱት እዚህ ነው፣ እኛው ጋር። ከ1974 በኋላ ደርግ የኪም ኢል ሱንግ ወዳጅ ሆነ፣ ትግላችን ሐውልት ራሱ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው የቆመው፣ በዚያ ዘመን በኮሪያ የዘመተ ሰው ሜዳሊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ መውጣት የማይችልበት ሁኔታ ነበር። አዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር የነበሩት ዘማች አባቶች ያዩትን መከራ የፓንሙንጆም ፊርማ አላመጣውም። ያንን ሸክም ከራሳችን ትከሻ አውርደን እዚያ ላይ መጣሉ ትክክል አይደለም።

የመጨረሻው፣ የሰሜኑ ሕዝብ። ይሄ የጽሑፉ ትልቁ የሞራል ጥያቄ ነው፣ በቀላሉ አላልፈውም። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ያለው ሕዝብ ምን ዓይነት አገዛዝ ሥር እንዳለ ማንም የሚክደው አይደለም። የተለያዩት ቤተሰቦች ጉዳይም አለ፣ ደቡብ ውስጥ ዘመዶቼን አገናኙኝ ብለው ከተመዘገቡት ከ130 ሺህ በላይ ሰዎች አብዛኞቹ ሳይገናኙ አርጅተው ሞተዋል፣ የመጨረሻው የማገናኘት ፕሮግራም የተደረገው በኦገስት 2018 ነው። ጸሐፊው ስለነሱ የጻፉት ሁሉ እውነት ነው፣ ስምምነቱ ለነሱ ያደረገው ነገር በጣም ትንሽ ነው፣ ሰነዱ ውስጥ ሲቪሎች ወደ ቤታቸው ይመለሱ የሚል አንቀጽ ቢኖርም ሳይሠራ ቀርቷል።

ግን «ሁለት ሦስት ወር» ተብሎ በቀላሉ የሚጻፈውን ጦርነት የሚከፍለው ማን ነበር? እነዚሁ የሰሜን ሰዎች። በሦስቱ ዓመት ውስጥ አሜሪካ ኮሪያ ላይ ከ600 ሺህ ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች፣ ከ30 ሺህ ቶን በላይ ናፓልም የሚባለው የሚያቃጥል ቦምብም አለበት፣ አብዛኛው ያረፈው ሰሜን ላይ ነው። በጦርነቱ መጨረሻ ፒዮንግያንግ ውስጥ ቆሞ የቀረ ሕንጻ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ሰዉ ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ ይኖር ነበር። በሜይ 1953 የሩዝ ማሳ የሚያጠጡት ግድቦች ሳይቀሩ ተመቱ። ይሄንን ሕዝብ ለማዳን ሲባል ይሄንኑ ሕዝብ ሌላ ክረምት በቦምብ ሥር ማሳለፍ ነው የሚሉን ጸሐፊው፣ ሳይታወቃቸው ይመስለኛል። በዚያ ላይ በ1953 በደቡብ በኩል የሚጠብቃቸው የዛሬው ሴኡል አልነበረም። ሪ ተቃዋሚዎቹን የሚያስር፣ በገዛ ሀገሩ ብዙ ሺህ ሲቪል በጅምላ ያስረሸነ መሪ ነበር፣ በ1960 ተማሪዎች ናቸው አደባባይ ወጥተው ያስወገዱት፣ ቀጥሎ በ1961 የጦር መፈንቅለ መንግሥት መጣ፣ ቀጥተኛ የፕሬዝዳንት ምርጫ የተመለሰው በ1987 ነው። ደቡብ ኮሪያ ዛሬ የምናያትን የሆነችው በጊዜ ነው፣ ያንን ጊዜ የሰጣት ደግሞ ተኩሱ መቆሙ ነው። ኪም ሥልጣን ላይ የቀረው በፊርማው ምክንያት ነው የሚለው ክርክር የሚቆመው ያለ ፊርማው ይወድቅ ነበር የሚለው ሲረጋገጥ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ መጀመሪያው ነጥብ ላይ አይተነዋል፣ በ1950 ከፒዮንግያንግ ተባርሮ በቻይና ጦር ታዝሎ ተመልሷል።

ጸሐፊው መልስ ቢጽፉ በደስታ አነባለሁ፣ ሼርም አደርጋለሁ። ስለ አስታዋሽ ማጣት፣ ስለ ቤተሰቦቹ፣ ስለ ጄኔቫው ክሽፈት ብዙ የምንስማማበት አለ። አንዱን ብቻ ግን በግልጽ እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ፤ በጁላይ 1953 ወደ ሰሜን የሚገፋው የትኛው ጦር ነው፣ ቻይናስ ኩምሶንግ ላይ ያሰለፈችውን ይዛ ዝም ብላ የምታየው ለምንድነው፣ ከቃኘውስ ተጨማሪ ስንት ልጅ ይላክ ነበር?